የጋሽ ሙሄ አውቶቡስ ትርፍ ክብደት

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ፣ አንዲት ባዶ አውቶቡስ ሚዛን ላይ ወጣችና ሰው የሞላባት አውቶቡስ ያህል መዘነች። ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው የባዶ ክብደቷ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ነው። ሚዛኑ ያሳየው አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ስድስት ነበር። ሾፌሩ ወርደው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ውስጧ ማንም አልነበረም።

መርማሪዋ የሻረግ ደምሴ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈችው። በእስክሪብቶ የምትጽፈው ሦስት ጊዜ አንብባ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች፤ በነዚህ ዓመታት አንድም ቀን «እንደ ምንም ትለፍ» ብላ ቦሎ የለጠፈችላት መኪና የለችም። አውቶቡሷ እንድትወርድ አደረገችና ራሷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ስልሳ ሦስት ኪሎ። ልክ ነው። አውቶቡሷ ተመልሳ ወጣች። አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ስድስት። ለሦስተኛ ጊዜም ያው ሆነ። የሻረግ እርሳሱን በላጲስ አጠፋችና በእስክሪብቶ ጻፈች።

ከዚያ የተደበቀ ጭነት ፈለገች። ጣሪያው ላይ ወጥታ አየች፤ ባዶ ነው። የዕቃ ማስቀመጫውን አስከፈተች፤ አንድ ትርፍ ጎማ፣ አንድ ክሪክና አንድ ጀሪካን ውኃ አሉ። የምርመራው ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ ከሥር እስከ ላይ በባትሪ አበራች። ባሌስትራዎቹ አዲስ ናቸው፤ ቀለማቸው እንኳ አልለቀቀም። ግን እንደ ቀስት ሊጎብጡ ሲገባቸው ሸክም እንዳለባቸው ተዘርግተው ተኝተዋል። በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካች። ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር መሆን ነበረበት። ዘጠኝ ነው።

አውቶቡሷ ስትመረመር ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። በሁለቱ ጊዜያት ሌሎች መርማሪዎች «ባሌስትራ ደክሟል» ብለው መልሰዋት፣ ሾፌሩ ሁለቴ አስቀይረዋል። በደንቡ መሠረት ሦስተኛ ጊዜ የወደቀች የሕዝብ ማመላለሻ ታርጋዋ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ የምትሄደው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

የሻረግ የመጨረሻውን ፍተሻ ለማድረግ ወደ ውስጥ ገባች። አርባ አምስት ወንበሮች አሉ። ሁሉም መቀመጫቸው መሐሉ ላይ ሰርጎድ ብሏል። ያረጀ ስፖንጅ ይሰረጉዳል፤ ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ያረጀ ስፖንጅ በእጅ ሲጫኑት ትንሽ ይወርዳል፣ ሲለቁት ትንሽ ይነሳል። እነዚህ አልወረዱም፣ አልተነሱም። ሰው የተቀመጠባቸው ወንበሮች ነበሩ። አንዱ ላይ ማስታወሻ ልትጽፍ ቁጭ ብላ ወዲያው ተነሳችና «ይቅርታ» አለች። ለምን እንዳለችው አላወቀችም።

ወርዳ ሾፌሩ ፊት ቆመች። ሙሄ ይመር ይባላሉ፤ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከኮምቦልቻ ባቲ ሃያ አምስት ዓመት ነድተዋል። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«አቶ ሙሄ፣ ይህች መኪና ባዶ አይደለችም» አለች።

«አይደለችም» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ምን ጭነዋል?»

«ሰው።»

«ሰው አይታየኝም።»

«ሰዎቹማ ወርደዋል እህቴ። ክብደታቸው ነው ያልወረደው።»

የሻረግ ቅጹን ገለበጠች። የመኪናው ጉድለት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ሦስት መስመር ብቻ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሦስት ዓመት ወዲህ። በአንዴ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ መንገድ ግማሽ ኪሎ፣ ሲበዛ አንድ ኪሎ ቢተው ነው። ግን የኔ ደንበኞች ይመላለሳሉ።»

«ተሳፋሪዎቹ ያውቃሉ?»

«ሰው ቀለል ሲለው መጀመሪያ ደስ ይለዋል» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ኋላ ነው የሚቸገረው። ደጋን ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ የስፌት መኪናው ፔዳል እምቢ ብሎታል። ቢረግጠው፣ ቢረግጠው አይወርድለትም። ባቲ ገበያ ሰዎች ግመል እየጎተቱ የሚሄዱ መስሏቸው ግመሉ ነው የሚወስዳቸው። ገርባ ደግሞ ነፋስ ሲነሳ ኪሳቸው ውስጥ ድንጋይ ይይዛሉ።»

የሻረግ «ገርባ» የሚለውን ስትሰማ መጻፍ አቆመች።

እናቷ ወይዘሮ ጠጂቱ የሚኖሩት ገርባ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጡ ልጃቸውን ጠይቀው እሑድ ይመለሱ ነበር። ባለፈው ገና ላይ የሻረግ እናቷን ከአንድ ኩሬ ልታሻግር አቅፋ አነሳቻቸውና የተጣጠፈ ጋቢ ያነሳች መሰላት። ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ወሰደቻቸው። ደማቸው ደህና፣ ስኳር የለባቸውም፣ ሳንባቸው ንጹሕ፣ ምግብ ይበላሉ። ሚዛን ላይ ሲወጡ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆኑ። ነርሷ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ሌላ አመጣች፤ እሱም አሥራ ዘጠኝ አለ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ወይዘሮ ጠጂቱ መንገድ መውጣት ትተዋል። ደጅ ሲቀመጡ ጎረቤቶቻቸው የነጠላቸውን ጫፍ ከአግዳሚው እግር ጋር ያስሩላቸዋል። የሻረግ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሰው ቢጠይቃት «እናቴ ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች» ነው የምትለው።

«ወይዘሮ ጠጂቱን ያውቋቸዋል?» አለች።

«በስተቀኝ ሦስተኛው ወንበር፣ መስኮቱ ጋ» አሉ ጋሽ ሙሄ ወዲያው። «መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈት ያደርጉታል። ልጃቸው መሥሪያ ቤት እንደምትሠራ ነግረውኛል። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ተመልሳ ገባችና ሦስተኛው ወንበር ጋ ቆመች። ስፖንጁ የትንሽ ሰው ያህል፣ ግን ጠለቅ ብሎ ወርዷል። መስኮቱ ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ነበር። እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። ሞቅ ያለ ነው። እጇን አላነሳችም፤ ጋሽ ሙሄ ከውጭ ሁለቴ እስኪያስሉ ድረስ እንደዚያው ቆየች።

«ከሦስት ዓመት በፊት ምን ነበረ?» ብላ ጠየቀች ስትወርድ።

ጋሽ ሙሄ ኮፍያቸውን አጠለቁና መልሰው አወለቁ። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ዘሐራ ነበሩ። ዘሐራ የዚህች አውቶቡስ ረዳት ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሴት ረዳት በዚያ መንገድ ላይ ሌላ አልነበረም። ሰው የሚያሳፍሩት፣ ዕቃ የሚያስጭኑት፣ የተኛውን የሚቀሰቅሱት፣ በሩን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መትተው መኪናዋን የሚያስነሱት እሳቸው ናቸው፤ ከሁሉ በላይ «ወራጅ አለ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ሞተሩን አልፎ፣ ፍየሉን አልፎ፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን አልፎ ሾፌሩ ጆሮ ይደርሳል። ታመው አረፉ። ጋሽ ሙሄ አርባውን ቀን ቤት ቆይተው ወደ ሥራ ሲመለሱ ሌላ ረዳት አልቀጠሩም። የረዳቷን ወንበር አጥፈው ተዉት። ለተሳፋሪዎቹም አንድ ነገር ለመኗቸው።

«ምን ብለው?»

«ወራጅ አለ እንዳትሉ አልኳቸው። ማቆሚያውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እኔ አቆማለሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ውረዱ። ሰዉም አዘነልኝና እሺ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህች መኪና ውስጥ ያን ቃል የጠራ የለም።»

«ስለዚህ ሰዎቹ ወረዱ፣ ግን ወራጅ አልተባለላቸውም።»

«አልተባለላቸውም» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ወላሂ፣ ሰው እጎዳለሁ ብዬ አይደለም። በሌላ ሰው ድምፅ ከሰማሁት የሷ ይጠፋብኛል ብዬ ነው። የቀረኝ እሱ ነው።»

የሻረግ ቅጹን እንደገና ገለጠች። ክፍል ዘጠኝ «የመንገድ ሙከራ» ይላል፤ መርማሪው እንደ አስፈላጊነቱ ተሽከርካሪውን በመንገድ ላይ አስነድቶ ይፈትሻል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አልተጻፈም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እስከ ድልድዩ ሄዳ ነበር የምትመለሰው፤ ግን ድልድዩ ደንቡ ውስጥ የለም።

«የመንገድ ሙከራ እንሄዳለን» አለች። «እስከ ባቲ። እኔ እጠራለሁ።»

ጋሽ ሙሄ ቁልፉን በጣታቸው ያዞሩ ነበር።

«ጋሽ ሙሄ» አለች የሻረግ። አቶ ማለቱን ያኔ ነው የተወችው። «እናቴ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ናት።»

እሳቸው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ በር ሄደው ወጡና ሞተሩን አስነሱ።

የሻረግ የረዳቷን ወንበር አልዘረጋችም። በሩ አጠገብ ያለውን ብረት ይዛ ቆመች። አራት ሰዓት ላይ ከጣቢያው ወጡ። አውቶቡሷ ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ሰው እንደሞላባት መኪና ወደ ውጭ ትወዘወዛለች። ከኋላቸው የመጣ ሚኒባስ ቀደማቸውና ሾፌሩ ባዶ መስኮቶቹን እያየ በእጁ «ምን ሆናችሁ ነው እንደዚህ የምትጎተቱት?» የሚል ምልክት አሳየ።

ደጋን ሲደርሱ ጋሽ ሙሄ እንደ ልማዳቸው ዳር ይዘው አቆሙና በሩን ከፈቱ። የሻረግ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ወራጅ አለ» አለች። ወርዳ ለካች። ዘጠኝ ሳንቲሜትር። ምንም አልተለወጠም።

ቆማ አሰበችበት። የመኪና ጉድለት ስታስብ እንደምታደርገው በቅደም ተከተል አሰበችው።

«ቀድመው አቆሙ» አለች። «ጥሪው ሾፌሩን ለማስቆም ነው። ቆሞ ለነበረ ሾፌር ቢጠሩለት ጥሪ አይደለም። ሳልጠራ አያቁሙ።»

«ሳትጠሪ ካላቆምኩ መስማት አለብኝ ማለት ነው።»

«አዎ። መስማት አለብዎት።»

ጋሽ ሙሄ መኪናዋን አዞሩ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሰው እንደገና ዞሩ። በዚህኛው ጊዜ ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች አለፉ፣ ወፍጮ ቤቱ አለፈ፣ ማቆሚያው ሊያልፍ ሃያ ሜትር ቀረው። ጋሽ ሙሄ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። የሻረግ በሕይወቷ ጮኻ አታውቅም፤ ቢሮ ውስጥ ስልክ እንኳ በቀስታ ነው የምታናግረው። በሩን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችና ጮኸች።

«ደጋን! ወራጅ አለ!»

ጋሽ ሙሄ ፍሬን ያዙ። በሩ ተከፈተ። ማንም አልወረደም፤ ግን የበሩ መርገጫ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ እያለ ብዙ ጊዜ ተሰማ። አውቶቡሷ ቀስ እያለች ቀና አለች። ድምፁ ሲያቆም የሻረግ ወርዳ ለካች። አሥራ ሦስት ሳንቲሜትር። ከመንገዱ ማዶ ካለች ትንሽ ሱቅ የስፌት መኪና መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል ሰማች፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ያለ ማቋረጥ ይሰፋ ነበር።

ስትመለስ ጋሽ ሙሄ የግራውን ስፖኪዮ ያስተካክሉ ነበር። ስፖኪዮው ልክ ነበር። የሻረግ ግን አስተካክለው እስኪጨርሱ ጠበቀች።

ገርባ ነፋስ ነበር። ወይዘሮ ጠጂቱ ቤት አስፋልቱ ዳር ነው፤ እሳቸውም ደጅ አግዳሚው ላይ ነበሩ። የነጠላቸው ጫፍ ከአግዳሚው እግር ጋር ታስሯል። ነፋሱ ሲመጣ ከመቀመጫቸው አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላሉ፣ ሲያልፍ ይወርዳሉ። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ሰፌዱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ ወይም ሰፌዱ እሳቸውን ይዟቸዋል። የሻረግ ከሩቅ አየቻቸውና ድምፅዋ ከማቆሚያው መቶ ሜትር ቀድሞ ወጣ።

«ገርባ! ገርባ ወራጅ አለ! ወራጅ አለ ጋሽ ሙሄ!»

አውቶቡሷ ቆመች፤ መርገጫው ከደጋን የበለጠ ረጅም ጊዜ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አለ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የነበረው ሲነሳ የሻረግ በዓይኗ አየችው፤ ስፖንጁ ቀስ ብሎ ሞላ፣ አንድ ክር ብቻ እየተንቀሳቀሰች ቀረች። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ አግዳሚው ጓ አለ። የፊት እግሮቹ አፈር ውስጥ ሁለት ጣት ሰመጡ።

«ኧረ!» አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ። ምስሩ ተበትኗል። ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩና ሳቁ። «ምነው ዛሬ መሬቱ ሳበኝ?»

የሻረግ መንገዱን ተሻገረች። ተንበርክካ የነጠላውን ቋጠሮ ፈታች። ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና በጥርሷም ረዳችው።

«የሻዬ» አሉ እናቷ፣ «በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የመንገድ ሙከራ ላይ ነኝ እማ።»

«የሙሄ መኪና ናት? አለፈች?»

«ገና ናት።»

የሻረግ እናቷን አቅፋ ልታነሳቸው ሞከረች። ከበዷት። ትንሽ አንስታ መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ከበዷት።

«ተይኝ፣ ወገቤን ልትሰብሪው ነው» አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ፤ እጃቸውን ግን ከልጃቸው አንገት ላይ አላወረዱም።

ክፍል ዘጠኝ አንድ መርማሪ በሙከራ መካከል እናቱን ለምን ያህል ጊዜ ማቀፍ እንደሚችል የሚለው ነገር የለም። የሻረግ ስለማይል አልቸኮለችም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ ከኪሳቸው ድንጋይ እያወጡ ያስቀምጡ ነበር። አውቶቡሷ ስትነሳ ዳር ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ክምር ሆኗል። ክፍተቱ አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ነው።

ባቲ ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ገበያው ሞልቶ ነበር። የሻረግ ድምፅ በዚህ ሰዓት ሻክሯል፤ ግን መጥራቱን ለምዳዋለች። መጨረሻው ማቆሚያ ላይ በሩን እየመታች «ባቲ! ባቲ መጨረሻ! ሁሉም ወራጅ!» አለች። ጋሽ ሙሄ ፍሬን ያዙና «እሺ!» ብለው መለሱ። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የመለሱት መልስ ስለሆነ ብቻ ወጣ። የመርገጫው ድምፅ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሁለቱም ቁጭ ብለው አዳመጡ። ከዚያ ገበያው ውስጥ ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ጫማዎች አቧራ ውስጥ ገባ አሉ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጆንያው ሲጨፈለቅ «እህ» አሉ። አንድ ሽማግሌ የያዙትን ግመል በገመዱ ጎተቱት፤ ግመሉ መጀመሪያ ቆሞ አያቸው፣ ኋላም ተከተላቸው።

ሲመለሱ አውቶቡሷ ዳገቱን ያለ ማቃሰት ትወጣው ነበር። ገርባን ካለፉ በኋላ ጋሽ ሙሄ ተናገሩ።

«ድምፅሽ ከሷ ጋር አይገናኝም።»

«አይገናኝም።»

«እሷ ወራጅ ስትል መጨረሻው ላይ ታወርደዋለች። አንቺ ወደ ላይ ትሰቅይዋለሽ።»

«አላውቅበትም ጋሽ ሙሄ።»

«ኧረ ጥሩ ነው። ቦታዋን አልነካሽባትም» አሉና ማርሽ ቀየሩ። «እያንዳንዱን ስትጠሪ የሷንም ጎን ለጎን እሰማው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ስላልኩ ልክ እንደዚያ አድርጌ አልሰማሁትም ነበር።»

ጣቢያው ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። አውቶቡሷ ሚዛን ላይ ወጣች፤ ጋሽ ሙሄ ወረዱ፤ የሻረግም ወረደች። ሚዛኑ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ አለ። የሻረግ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ሃምሳ አንድ ኪሎ ቀርቷል» አለች።

ጋሽ ሙሄ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ወይዘሮ ዘሐራ ስንት ኪሎ ነበሩ?»

«ሲያማት በጣም ቀንሳ ነበር» አሉ። ከዚያም «በደህናው ጊዜ ሃምሳ አንድ» አሉ።

የሻረግ ወደ አውቶቡሷ አየች። የታጠፈው የረዳት ወንበር ተዘርግቶ ነበር። እሷ አልዘረጋችውም፤ ጋሽ ሙሄም ከሾፌር ወንበራቸው አልተነሱም ነበር።

«እሷንም ትጠሪያት ይሆን?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ሙሄ። ድምፃቸው የተስተካከለ ነበር፤ ኮፍያቸው ግን እጃቸው ውስጥ ተጨማዷል። «ደንቡ እንደዚያ ከሆነ ጥሪያት። ሰው ተቸግሯል፣ ብያለሁ እኮ፣ አይቻለሁ። ብቻ እሷ መውረጃዋ የት እንደሆነ አላውቅም። ሁልጊዜ ከኔ ጋር ነው የምትወርደው።»

የሻረግ ወደ ቢሮዋ አስገባቻቸውና መሳቢያዋን ከፍታ ደንቡን አወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የኖረ፣ ዳርና ዳሩ የተበላ ጥራዝ ነው። ስለ ክብደት የሚለውን አንቀጽ አገኘችና ጣቷን እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች።

«‹የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ የሚመዘነው ከተሳፋሪና ከጭነት ነጻ ሆኖ ነው። ሾፌርና ረዳት ተሳፋሪ አይደሉም፤ በምርመራው ጊዜ ተሽከርካሪው ላይ ቢገኙ ክብደታቸው እንደ ጉድለት አይቆጠርም።›»

«እስኪ ድገሚው» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ደገመችው።

«ረዳት ተሳፋሪ አይደለም ይላል?»

«አይደለም ይላል።»

ጋሽ ሙሄ ወደ ጎን ዞረው ግድግዳውን ለጥቂት ጊዜ አዩ። የሻረግ ቅጹን መሙላት ጀመረች። ፍሬን፣ ብቁ። መሪ፣ ብቁ። ፍሬቻ፣ ብቁ። ጎማ፣ ብቁ። ክብደት፣ ብቁ። «ረዳት» በሚለው ፊት ለፊት ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ «አለ» እና «የለም»። «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ በእስክሪብቶ።

«የረዳቷ ሙሉ ስም?»

«ዘሐራ አሕመድ ሽፋው።»

«አገልግሎት?»

«ሃያ ሁለት» አሉና ራሳቸውን አረሙ። «ሃያ አምስት።»

ሃያ አምስት ብላ ጻፈች። አዲሱን ቦሎ ይዛ ወጥታ የፊት መስታወቱን በጨርቅ ወለወለችና በቀኝ በኩል ወደ ላይ ለጠፈችው። አየር እንዳይቀርበት በአውራ ጣቷ ከመሐል ወደ ዳር ዳመጠችው።

«ከነገ ጀምሮ ተሳፋሪው ራሱ ይጥራ» አለች። «ሰዉ ሁሉ በየራሱ ድምፅ። እርስዎም ሳይጠራ አያቁሙ።»

«እሺ።»

«እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች።»

«መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት አደርግላቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ሙሄ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው ልጄ» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

እነሱ ባቲ በሄዱበት ጊዜ የጣቢያው ግቢ አዲስ ደቃቅ ቀይ አሸዋ ፈስሶበት በመዳመጫ ተስተካክሏል፤ ገና ማንም አልረገጠውም። አውቶቡሷ ከሚዛኑ ወርዳ በአሸዋው ላይ ወደ ዋናው በር መሄድ ጀመረች። የተሳፋሪ በሯ ግን እንደተከፈተ ነው። በር ሳይዘጋ መንቀሳቀስ ክልክል ስለሆነ የሻረግ ልትጣራ አፏን ከፈተች።

ከበሩ ጎን፣ አሸዋው ላይ፣ የሴት ጫማ ዱካ አንድ በአንድ እየታተመ ነበር። ዱካው ከአውቶቡሷ እኩል ይሄዳል፤ አውቶቡሷ ፍጥነት ስትጨምር እየተራራቀ ሄደ፣ ተረከዙም መሬት መንካት ተወ። አስፋልቱ ዳር ሲደርስ የመጨረሻው ዱካ የእግር ጣት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ አሸዋው ላይ ምንም የለም። በሩ ተዘጋ፣ ከውስጥም በመዳፍ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ አውቶቡሷም ወደ ግራ ፍሬቻ አሳይታ ወደ መንገዱ ገባች።